ኩፍኝ የማይገባበት ቤት

አሰላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለእታለም ፋናዬ፣

እንደ እማዬ ሰላምታ ልጻፍ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። እሷ ከራስ ፀጉርሽ ጀምራ ጤናሽን ስትጠይቅ፣ ጉልበትሽ ላይ ሳትደርስ የሾፌር ገብረወልድ አውቶቡስ ይነሳል። ስለዚህ ባጭሩ፦ ናፍቀሽናል፣ ደህና ነን፣ ሣህሌም ደህና ነው። ልጅሽ ሁለት ዓመት ከሞላው ወዲህ ሰው ማባረር ጀምሯል። ትናንት ባሻ ወልደጻድቅን "ሂድ!" አላቸው። እኔ አላስተማርኩትም። ትንሽ ብቻ ነው ያስተማርኩት።

ሕጉ ተለጠፈ ወይ ላልሽው፣ ተለጥፏል። የላክሽውን በስኳር ካርቶን ጀርባ በትልልቁ ገልብጬ፣ እማዬ የሰፈሩን ልጆች በምታውልበት ክፍል በር ላይ በሊጥ ለጠፍኩት። ዶሮዋ ሊጡን ልትለቅም መጥታ "ትኩሳት" የሚለውን ይዛ ሄደች። እንደገና ጽፌ በምስማር መታሁት።

እማዬ ምን አለች ላልሽው ደግሞ፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ "ጨረስሽ?" አለች።

"ጨረስኩ።"

"እኔ ስድስት ወልጃለሁ። አሁን ጡት ያጠባኋት ልጅ አዲስ አበባ ሁለት ወር ነርስነት ተምራ ልጅ አያያዝ በፖስታ ትላክልኝ?"

ስድስት ወልዳ የቀረነው እኔና አንቺ መሆናችን ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

ባሻ ወልደጻድቅ እንደ ልማዳቸው ለቁርስ ደርሰው ነበር። ከአጥራችን ይልቅ ለቤታችን የሚቀርቡት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ቆጠራ የሰው በሽታ ሦስት ነው፦ ምች፣ የሰው ዓይንና የዘንድሮ ትምህርት። "ልጅ ካልታመመ አጥንቱ አይጠነክርም" አሉ። "እርስዎ ታዲያ ታመው ያውቃሉ?" ብላቸው "አንድም ቀን!" አሉኝ፤ ደረታቸውን ነፍተው። ምን እንዳሉ የገባቸው ቂጣውን ከጨረሱ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጧት እናቶቹ ልጆቻቸውን አድርሰው ወደ ገበያ ከመሄዳቸው በፊት ሰብስቤ አነበብኩላቸው። ትኩሳት ያለበት ልጅ አይመጣም፤ ሽፍታ የወጣበት ሽፍታው እስኪከስም ቤቱ ይቆያል፤ ዓይኑ የሚያዣም፣ ትክትክ የያዘውም እንዲሁ፤ ሁሉም የየራሱን ኩባያ ይዞ ይመጣል። የጸሐፊው የአቶ አስናቀ ሚስት ወይዘሮ አልጣሽ ሱቋን ልትከፍት ስለቸኮለች ሁሉንም "እሺ" አለች። ቅቤ ነጋዴዋ ሀሊሜ ግን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና፣ "ልጄ ኢፍቱ ስትታመም ቤት ካስቀረኋት፣ ኢተያ ገበያ ቅቤዬን ማን ይወስድልኛል? ወላሂ ሕጉ ጥሩ ነው፤ ግን ሆድ አያውቅም" አለች።

እማዬም ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። "ይኸው! የሰው ልጅ ደጃፌ ላይ እያለቀሰ፣ እናቱ ቅቤዋን ተሸክማ ቆማ፣ 'ካርቶኑ አይፈቅድም' ልበላት?"

ለዚህ መልስ አንቺ ካለሽ ላኪልኝ። ምስማር ትርፍ አለኝ።

እህትሽ ብርቄ

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1952 ዓ.ም.

ብርቄ፣

ስለ ዶሮዋ ሳነብ ድምፄን አውጥቼ ስቄ ሲስተሯ ተቆጡኝ። እግዜር ይስጥሽ።

የሀሊሜ ጥያቄ ከእኔ ሕግ ይበልጣል። መልሴ ይኸው፦ ልጇ የታመመባት እናት ቤቷ ትቀመጥ፣ ዕቃዋን ሌላዋ ትሽጥላት። ዛሬ ሀሊሜ የአልጣሽን፣ ነገ አልጣሽ የሀሊሜን። ተማምነው ልጃቸውን አንድ ቤት ካዋሉ፣ አንድ ቅል ቅቤ ላይ አይጣሉም። ለእማዬ እንዲህ በያት፤ ከእኔ መጣ ግን አትበይ። ራሷ ያሰበችው ታስመስለዋለች፤ ተያት።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ ልንገርሽ። አሁን የምሠራው ሕፃናት ክፍል ነው። ኩፍኝ ሲገባ በአራት አልጋ ስምንት ልጅ እናስተኛለን። አንዱ ከገባ ቀጥሎ ማን እንደሚገባ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ከእሱ ጋር የተጫወተው ነው። ያቺ ስምንት ሕፃን የሚውልባት ክፍላችን፣ ጣራዋ ዝቅ ያለ፣ መስኮቷ አንድ፣ በሕልሜ ትመጣለች። ከስምንቱ አንዱ የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ኅዳር 16 ፈተናዬን ሳልቀመጥ ከዚህ መነቃነቅ አልችልም። ካለፍኩ በጥር ረዳት ነርስ ሆኜ ወደ አሰላ እላካለሁ ብለውኛል። ከወደቅሁ ቦታዬን ሌላ ይወስደዋል።

እማዬን አታብሽቂያት። ሣህሌን ደግሞ ስድብ አታስተምሪው።

ፋናዬ

*

አሰላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለእታለም ፋናዬ፣

ሕግሽ አሸነፈ! ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

አርብ ጧት ወይዘሮ አልጣሽ ልጇን አበባን አዝላ መጣች። የልጅቱ ዓይን ቀልቷል፣ ከጆሮዋ ኋላ ጀምሮ ፊቷን ሽፍታ ወርሶታል። አልጣሽ ነጠላዋን እየጎተተች ትሸፍናታለች። እኔ "አሁን እማዬ አንጀቷ ይራራና ታስገባታለች" ብዬ ስጠብቅ፣ እማዬ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"አልጣሽ፣ ተመለሺ።"

"እትዬ አሰፋሽ፣ ዛሬን ብቻ! ምች ነው እኮ።"

"ምችም ይሁን ሌላ፣ ሽፍታው እስኪከስም ቤቷ ትተኛ። ሱቅሽን ሀሊሜ ትከፍትልሻለች፤ ተነጋግረናል። እኔ ነኝ ያሰብኩት።"

እንዳልሽው ነው፤ "እኔ ነኝ ያሰብኩት"! ሳቄን በነጠላ አፈንኩት። ሀሊሜ በእውነትም ቅዳሜን ውላ ሸጠችላት። አቶ አስናቀ አመሰገኑ። ባሻ ብቻ "የታመመ ልጅ ከደጅ መመለስ ክርስትና ነው?" እያሉ እስከ ማታ አጉረመረሙ።

ስለዚህ አሁን ቤታችን ኩፍኝ የማይገባበት ቤት ነው። የቀሩት ሰባቱ እንደ ሚዳቋ ይዘላሉ፤ አንዱንም አላስነጠሰውም።

እማዬ ግን ነገሩ ከብዷት ነበር። "ልጅቱን ከደጅ መልሼ ዝም ብል ሰው ምን ይለኛል? ነገ ቢደርስብን ማን ይጠይቀናል?" አለች። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥየቃ ሄድን። ሁላችንም! እማዬ የአጃ ሾርባውን ይዛ ከፊት፣ ባሻ በከዘራቸው መሐል፣ እኔ ሰባቱን ልጆች አሰልፌ ከኋላ። ሀሊሜ ሲሬ ገበያ ስለነበረች ኢፍቱን እኛ ይዘናት ሄድን። አስናቀ ቤት ስንገባ ልጆቹ እንዳስተማርኳቸው አንድ ላይ "እግዜር ይማርሽ!" ሲሉ አልጣሽ አለቀሰች። አልጋው ዙሪያ ተቀምጠን ሾርባ ጠጣን። ሣህሌማ አበባን ጉንጯን ሳማት፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ባሻ እንኳ "አሁን ገና ክርስትና አየሁ" ብለው ይቅር አሉን።

ሕጉም ተከበረ፣ ባህሉም ተከበረ። ምስጋናሽን በሚቀጥለው ፖስታ እጠብቃለሁ።

ብርቄ

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1952 ዓ.ም.

ብርቄ፣

ይህን ለገብረወልድ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። እንደደረሰሽ ቁሚና አንብቢ።

እኔ የጻፍኩት አበባ ወደ እናንተ እንዳትመጣ ነው፤ እናንተ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ እሷ ሄዳችሁ። ሽፍታው በወጣ በሦስተኛው ቀን! መስኮቱ ተዘግቶ፣ አልጋው ላይ፣ ሾርባ እየተጠጣ!

አሁን የምጠይቅሽን ያለ ቀልድ መልሺልኝ። ምን ያህል ጊዜ ቆያችሁ? ከሰባቱ ኩፍኝ የወጣለት ማን ነው፣ ያልወጣለት ማን ነው? ሣህሌ አልወጣለትም፤ አውቃለሁ።

ከእሑድ ጀምረሽ ቁጠሪ። በአሥረኛው ቀን ግድም፣ ማለት ኅዳር 1፣ ትኩሳትና ንፍጥ ይመጣል። በአሥራ አራተኛው ሽፍታው። ትኩሳቱ ከመምጣቱ በፊት ልጆቹ ይለያዩ፤ ሁሉም በየቤቱ። ቤቱ ይዘጋ። እማዬ እንቢ ካለች ደብዳቤውን አንብቢላት።

እያንዳንዱን ነገር ጻፊልኝ። አትደብቂኝ።

ፋናዬ

*

አሰላ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቁጭ አልኩ።

የቆየነው ከቅዳሴ መልስ እስከ እኩለ ቀን ነው። ከሰባቱ ኩፍኝ የወጣላቸው ሦስት ናቸው። ያልወጣላቸው አራት፤ ሣህሌና ኢፍቱ ከአራቱ ናቸው። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። ሣህሌን ጧት ግንባሩን ነካሁት፣ ቀትር ላይ ነካሁት፣ አሁን ስጽፍ ነካሁት። ሰልችቶት "ሂጂ!" ብሎኛል። ትኩሳት የለውም።

እማዬ ምን አለች ትይኛለሽ። "ጥየቃ ሄጄ ነው በሽታ የማመጣው? የታመመ መጠየቅ የጽድቅ ሥራ ነው፤ እግዜር በጽድቅ ሥራ ሰው አይቀጣም" አለች። እኔም ኩፍኝ ንስሐ አባት እንደሌለው ልነግራት ስል ፊቷን አየሁት። ከንፈሯ ደርቋል። ፈርታለች፣ ፋናዬ። እማዬ ስትፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ቁጣዋን ነበር የለመድኩት።

ቤቱን ግን ዘጋች። ልጆቹን አንድ በአንድ በየቤታቸው መልሰናል። ሀሊሜ ነገሩን ስነግራት አልጮኸችብኝም። "ስንተኛው ቀን ነው?" አለችና በጣቷ ቆጠረች። ኢፍቱን ቤቷ አስተኝታ ገበያውን ትታለች። ጧት ጧት ከአጥራችን ውጭ ትቆምና "አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ? ሣህሌስ?" ትላለች። እኔም ከውስጥ "ደህና ነው! ኢፍቱስ?" እላለሁ። አትገባም፤ እኔም አልወጣም። ባሻ ይህን አይተው "ሁለት ሴቶች ግንብ እንዳለያቸው ይጯጯሃሉ፤ ዘመኑ አለቀ" አሉ።

ባሻን ማን እንደሚያስወጣቸው አላውቅም። እሳቸው በየቀኑ ይገባሉ። ልጁን ያሸቱታል፤ ማሽተት ነው ምርመራቸው።

ነገ አሥር ነው።

ብርቄ

*

አሰላ፣ ኅዳር 4 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለወይዘሮ ፋናዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እናትሽ ወይዘሮ አሰፋሽ በልጄ በብርቄ እጅ የማስጽፍልሽ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና እኛ ሁላችን ደህና ነን። ከብቱም ሰውም ደህና ነው። ሣህሌ ደህና ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል። ስለ እርሱ ምንም አሳብ እንዳይገባሽ። አንቺ ትምህርትሽን ብቻ ተማሪ። ባሻ ወልደጻድቅም ሰላም ብለውሻል።

እናትሽ አሰፋሽ

*

አሰላ፣ ኅዳር 5 ቀን 1952 ዓ.ም.

ፋናዬ፣

የትናንቱን ደብዳቤ እንዳታምኚ። ከብት የለንም፤ ከዚያ ላይ ሳታውቂው አልቀረሽም።

ትኩሳቱ የመጣው ኅዳር 2 ነው። ሦስት ቀን እንደ ምድጃ ነደደ። ዛሬ ጧት ሽፍታው ወጣ፤ ከጆሮው ኋላ ጀመረ፣ ልክ እንደ አበባ። ዓይኑ ተጣብቋል። ሳሉ ደረቅ ነው። "ሂድ" ማለት ትቷል።

ትናንት እማዬ ወረቀት አምጪ ስትለኝ እውነቱን ልንጽፍ መስሎኝ ነበር። ባሻ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው "በሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይጻፍም። መጥታ ላታድነው፣ ደንግጣ ትሞታለች። 'ደህና ነው' በይ" አሉ። እማዬም እንዲሁ አለች። "እሷ ነርስ ናት እኮ! የሚደረገውን የምታውቀው እሷ ናት!" ብዬ ጮህኩ። "በታላላቆችሽ ላይ አትጩኺ" አሉኝ። እነሱ ሁለት ሆነው ሲያስጽፉኝ፣ እጄ የእኔ እንዳልሆነ ሆኖ ጻፈ። አንብቢልን ሲሉኝ አነበብኩላቸው። "ጎሽ" አሉኝ።

ይህንን ማንም አያውቅም። ለገብረወልድ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እሰጠዋለሁ።

አሁን የምነግርሽ ይኸው፦ ክፍሉን አጨልመውታል። ሦስት ብርድ ልብስ ደርበውበታል። "ውኃ ኩፍኙን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል" ብለው ውኃ ከልክለውታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሰው ሁሉ ሊጠይቅ ይመጣል፤ ዛሬ ብቻ አሥራ ስድስት ሰው ቆጠርኩ፣ አምስቱ ልጅ አዝለው። ባሻ ደግሞ "ሳሉ የእንጥል ነው" ይላሉ። ከሮቤ የመጣች እንጥል ቆራጭ አለች፤ አርብ ይዤ እመጣለሁ ብለዋል።

ምን ላድርግ? ቶሎ።

ብርቄ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 8 ቀን 1952 ዓ.ም.

ብርቄ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ታገሺው።

ውኃ ስጪው። የፈላ፣ የቀዘቀዘ፣ በማንኪያ፣ ሳይጠይቅሽ፣ ቀኑን ሙሉ። ከብርድ ልብሱ አንዱን ብቻ ተዪለት። ዓይኑን በተፈላ ውኃ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፤ ቅጠልም ኩልም ማንም አይጨምርበት። እንጥሉን ማንም እንዳይነካ! እኔ እዚህ ከዚያ የመጣ ደም አይቻለሁ። ሰው አይግባ። እማዬና አንቺ ብቻ።

ሸሚዙን ገልጠሽ ጎድኑን ተመልከቺ። ሲተነፍስ ጎድኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ አፍንጫው ከተነፋ፣ ማንንም ሳትጠይቂ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ። መርፌ አላቸው።

አሁን የሚከብደውን። ፈቃድ ጠየቅሁ። ሲስተሯ "ሂጂ፤ ግን ኩፍኝ ካለበት ቤት የወጣ ሰው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሕፃናት ክፍል አይገባም" አሉኝ። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ለእናንተም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከመጣሁ ፈተናው ቀረ። ይቅር። የሚያስጨንቀኝ እሱ አይደለም። እዚህ ሆኜ የማየው በአንቺ ዓይን ብቻ ነው። ጎድኑን አይተሽ አርብ ቴሌግራም ላኪልኝ። አንድ ቃል ይበቃል። "ነይ" ካልሽ በቅዳሜው አውቶቡስ እሳፈራለሁ። "ቅሪ" ካልሽ ልጄ አደጋ ላይ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ሌላውን ሁሉ ሰው ዋሽተሽ ታውቂያለሽ። እኔን አትዋሺኝ።

ፋናዬ

*

ቴሌግራም
ከአሰላ፣ ኅዳር 10 ቀን 1952 ዓ.ም.

ቅሪ።
ብርቄ

*

አሰላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለእታለም ፋናዬ፣

ገብረወልድን "ይህን ከሐሙስ ማታ በፊት እንዳትሰጣት" ብዬዋለሁ። ፈተናሽን ተቀምጠሻል ማለት ነው።

ሣህሌ ድኗል። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ትናንት ትኩሳቱ ወረደ፣ ዛሬ ጧት ዓይኑን ገለጠ፣ ማንኪያዬን ነክሶ አልለቅም አለ። ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ጣቴን በፊቱ ሳንቀሳቅስ ይከተላታል።

አሁን ሌላውን። አርብ "ቅሪ" ያልኩሽ ድኖ አልነበረም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ አርብ ጧት ነው። ጮክ ብዬ ለእማዬ አነበብኩላት፤ የተደበቀው ሁሉ ወጣ። ጥፊ ጠበቅኩ። እሷ ግን "ገልጠሽ እዪው" ብቻ አለች። ገለጥኩት። ፋናዬ፣ ጎድኑ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። በየትንፋሹ።

እማዬ አዘለችውና ወጣን። በሩ ላይ ባሻ ወልደጻድቅ ከእንጥል ቆራጯ ጋር ሲመጡ ተገናኘን። "ወዴት?" አሉና ከዘራቸውን አጋደሙ። እማዬ ምን እንዳለች ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ "ባሻ፣ አራት ልጅ በእርስዎ ምክር ቀብሬያለሁ። አምስተኛውን አልሰጥዎትም። ዘወር ይበሉልኝ።" እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በእሳቸው ስቀልድ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር አስቤም አላውቅም። እሳቸው ዘወር አሉ።

ሐኪም ቤት መርፌ ወጉትና በየቀኑ አምጡት አሉን። እማዬ እኔን ወደ ቴሌግራም ላከችኝ። "እውነቱን ላኪላት፤ 'ነይ' በያት" አለችኝ። የቴሌግራሙ ሠራተኛ ወረቀት ሰጠኝ። "ነይ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሰረዝኩት።

ለራሴ የነገርኩት ምክንያት አለኝ። ብትመጪ እኛ ከምናደርገው ሌላ የምታደርጊው የለም፤ መርፌውን ወግተውታል፤ ፈተናው ካመለጠሽ ግን ለሌሎቹ ልጆች የሚደርስ ነርስ አይኖረንም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ባሻም "መጥታ ላታድነው" ያሉት ይህንኑ ነበር። በእሳቸው አፍ ሲሆን አስቆጥቶኝ ነበር።

ግን ሌላም አለ። ያን እሑድ አስናቀ ቤት ሣህሌ አበባን ሳማት ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ልጁ አልፈለገም ነበር። ፊቱን አዙሮ ነበር። ሰው እንዲስቅ ብዬ አንገቱን ይዤ ያጎነበስኩት እኔ ነኝ። አርብ ዕለት ብትመጪና ሣህሌ ቢሞት፣ ዓይንሽን ማየት አልችልም ነበር። "ቅሪ" ያልኩሽ ለዚህም ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ደግሞ ይኸው። እማዬ በርጩማዋን አውጥታ ከውጭ በር ላይ ተቀመጠች። ጠያቂ ሲመጣ ተነስታ ትስማለች፣ አብራ ታለቅሳለች፣ ስለ ልጁ አንድ በአንድ ትነግራለች፣ ሾርባውን ትቀበላለች፤ ግን ማንም አያልፋትም። "ሰው ከደጅ ይመለሳል እንዴ?" ሲሏት፣ "እኔ እኮ ደጅ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ነው የተገናኛችሁት" ትላለች። ሀሊሜ ብቻ ሳይነገራት ገባት፤ ከመንገዱ ማዶ ሆና ሰላም ብላ ትመለሳለች። ኢፍቱም ወጥቶባታል፤ ቀላል ነው፣ ትበላለች። የተቀሩት ሁለቱም እንዲሁ። አበባ ግን አንድ ጆሮዋ ይመግላል፤ በዚያ በኩል ሲጠሯት አትሰማም።

እሑድ ኅዳር ሲታጠን ነበር። እንደምታውቂው ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ ያነዳል፤ በሽታ ይውጣ ብሎ። ጭሱ ቢገባበት ደረቱ እንዴት ይችላል ብለን ጨነቀን። እማዬ ከበሩ መነሳት አልቻለችም፤ እኔ ሣህሌን ይዣለሁ። በቀዳዳ ሳይ ባሻ ወልደጻድቅ ናቸው። ከዘራቸውን ጥለው፣ የየቤቱን ቆሻሻ በኬሻ እየተሸከሙ ወደ ታች፣ ነፋሱ ወደማይመልስበት ወደ ወንዙ ይወስዳሉ። "እዚያ ነው ዘንድሮ የሚታጠነው!" እያሉ ሰውን ያዛሉ፤ እንደ ልማዳቸው። ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። በራችን ጋ ሲደርሱ ቀና አይሉም። እማዬም አልጠራቻቸውም። ምሽት ላይ የአጃ ሾርባ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችላቸው፤ መጥተው ወሰዱት።

ይኸው ነው። እውነቱን ጠይቀሽኝ ነበር፣ አራት ቀን ዘግይቼ ጻፍኩልሽ። እንደፈለግሽ ፍረጂ።

ብርቄ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1952 ዓ.ም.

ብርቄ፣

ፈተናውን ተቀምጫለሁ። ውጤቱ ገና ነው። እጄ ሌላ ሥራ ላይ፣ አሳቤ እናንተ ጋ ነበር፤ ስለ አንጀት ሲጠይቁኝ ስለ ሳንባ መለስኩ።

ቴሌግራምሽን አላመንኩትም። አንቺ አንድ ቃል ጽፈሽ የምታቆሚ ልጅ አይደለሽም፤ ደህና ቢሆን ኖሮ "ቅሪ፣ ባሻን አባሯል" ትይ ነበር። ቅዳሜ ከንጋቱ በፊት ጓዜን ይዤ አውቶቡስ ተራ ሄጃለሁ። ገብረወልድ አይቶኝ ቦታ ያዘልኝ። ሞተሩ ተነሳ፤ እኔ አልተሳፈርኩም። ለምን እንደቀረሁ አስር ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ምናልባት እኔም ዓይኑን ማየት ፈርቼ ይሆናል። ሲስተሯ "ልጅሽ እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ደህና ነው" አልኳቸው። ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ የዋሸሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ስለ አንገቱ የጻፍሽውን ሳነብ ወረቀቱን አጣጥፌ ሁለት ቀን አልከፈትኩትም። አልተቀየምኩሽም ብዬ አልጽፍም። ተቀይሜሻለሁ። ግን ማንኪያውን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ይህንንም እያሰብኩ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደምይዝ ገና አላወቅሁም፤ ጊዜ ስጪኝ።

አሁን የሚደረገውን ልንገርሽ። የአበባን ጆሮ ሐኪም ሳያየው አይዋል፤ አልጣሽ ብታፍር አንቺ ውሰጃት። እማዬ ውጭ ስትቀመጥ ወገቧን ትሸፍን፤ በዚያ ብርድ በርጩማ ላይ አሥር ቀን ተቀምጣ ወገቤን አለማለቷ አያስደስተኝም። ቤቱ የመጨረሻው ልጅ ሽፍታው ሳይከስም አይከፈት። ባሻንም ይግቡ በሏቸው፤ ኩፍኝ ከጠፋ በኋላ።

ቅዳሜ ኅዳር 25 በገብረወልድ አውቶቡስ እመጣለሁ። ሁለት ሌሊት ብቻ ፈቅደውልኛል። አሁን እዚህ ሕፃናት ክፍል ትክትክ ገብቷል፤ የምመጣው ከእነዚያ ልጆች መሐል ነው። ሣህሌ ደግሞ ደረቱ ገና አልጠነከረም። እንዳየሁት ሮጬ እንደምይዘው አውቃለሁ። ስለዚህ ውኃና ሳሙና፣ የእማዬንም ቀሚስ ከውጭ አዘጋጂልኝ። ታጥቤ ልብሴን ሳልቀይር፣ ብለምንሽም፣ ብቆጣሽም፣ ባለቅስም፣ በሩ ላይ አቁሚኝ።

ፋናዬ